ጥጉ ላይ ሁለት ሰንሰለት

ማዳሜ ሲሞቱ ለልጃቸው የጀመሩት ብርድ ልብስ ገና ግማሹ ነበር የተሠራው።

ቤታቸው ሐምራ የሚባል ሰፈር ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የምንኖረው ሠራተኛቸው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ሰማንያውን አልፈዋል፤ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እግራቸው ይጎተታል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ደግሞ የምትኖረው ካናዳ ነው። ዐረብኛ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም። እኔም ሳናግራቸው እንደ ማንኛውም ሰው "አንቺ" እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱ ነበሩ።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከቀን እንቅልፋቸው ተነስተው በከዘራ ኮሪደሩን አቋርጠው ሳሎን ይመጣሉ። የከዘራው ጫፍ ላይ የነበረው ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ሰቆው ላይ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ እግራቸው ሸርተት ይላል፣ እንደገና ጠቅ። ጎማውን ላስቀይርልዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

"ተዪው፣ ስመጣ እንድትሰሚኝ ነው" አሉኝ።

ሳሎን ሲደርሱ በረንዳው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጡና የክር ቅርጫታቸውን ወደ ጉልበታቸው ይስባሉ። ኪሮሹን ሱናራ ነው የሚሉት። እናቴ አገር ቤት ለሶፋ ዳንቴል ትሠራ ነበር፤ እኔ ግን ኪሮሽ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ፣ "እዚያ ላይ ያለው ጦርነት ብቻ ነው። ነይ፣ ተቀመጪ" አሉኝ።

ቢጫ ክር ሰጡኝ። ስድስት ሰንሰለት ሠርቼ ጫፍና ጫፉን ሳገናኘው ቀለበት ሆነ። አጥብቄ ልስበው ስል እጄን ያዙኝ።

"አትነቂው። ያኒ፣ ማለቴ፣ ኪሮሹ በዚህ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቦታ ተዪለት።"

ቢጫው የአበባው ዓይን ነው። ቀጥሎ በሮዝ ክር ስምንት የአበባ ቅጠል ይሠራል። ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠቅልዬ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ መዘዝ አደርገዋለሁ። ሦስቴ እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ስስባቸው ቅጠሉ ብድግ ይላል። አረንጓዴው ዙሪያውን ይከባል፤ በመጨረሻ ነጩ መጥቶ ክቡን አበባ አራት ማዕዘን ያደርገዋል።

ያስቸገረኝ ነጩ ነው። በየጥጉ ሦስት ረጅም ጥልፍ ይሠራል፣ ከዚያ ሁለት ሰንሰለት፣ ከዚያ እዚያው ቀዳዳ ላይ እንደገና ሦስት። ሁለቱ ሰንሰለት ከተረሳ ጥጉ መዞሪያ ያጣና ሥራው እንደ ቆብ ይጎብጣል። እኔ ሁልጊዜ እረሳቸዋለሁ።

ማዳሜ ተሳሳትሽ አይሉም። ሥራውን ከእጄ ይወስዱና ኪሮሹን አውጥተው እስከተሳሳትኩበት ቦታ ድረስ ይተረትሩታል። የተተረተረውን ክር ኳሱ ላይ መልሰው ይጠቀልላሉ፤ ኪሮሹን ከጎኑ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ይመልሱልኛል። ሲተረትሩም ፊቴን አያዩም። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ በኋላ ለመድኩት። ብርድ ልብሱ አርባ ስምንት አበባ ነበር የሚፈልገው። ሃያ ስድስት ላይ ስንደርስ አንድ ቀን ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ አልነቁም።

ያኔ ጦርነቱ ከፍቶ ነበር። ልጃቸው የያዘችው በረራ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። ቀብራቸው ላይ የቆምነው ቄሱ፣ የሕንጻው ጠባቂ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታቸውና እኔ ነን። ልጃቸው ቀብሩን በስልክ ነው ያየችው። ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ፤ ስልኩ ወደ ላይ ዞሮብኝ ሰማዩን ብቻ ሳሳያት "ዝቅ አድርጊው፣ መርሲ" ትለኝ ነበር።

በማግስቱ ደወለችና፣ "እስክመጣ ቤቱን አትተዪው። ብርድ ልብሱንም ጨርሺልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ወዴትስ እሄዳለሁ? ኻልዴ የሚባል አካባቢ የፀጉር ቤት ያላት የአገሬ ልጅ ነበረችኝ፤ መንገዱ ግን በዚያ ሰሞን የሚያስሄድ አልነበረም።

የማዳሜን ልብስ አጥቤ አጣጠፍኩ። ከዘራውን በአንሶላ ጠቅልዬ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ላይ ድሮን ያንዣብባል። ድምፁ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይመስላል፤ ድንገት ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ሰው ሌሊት ብቻሽን አትፈሪም ወይ ይለኛል። ሌሊት አልፈራሁም፤ ደክሞኝ ስለምውል ወዲያው ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ጭንቅ የሚለኝ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ኪሮሼን ስይዝ ጆሮዬ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል። የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም።

ከተቀበሩ በዘጠነኛው ቀን ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት በራቸውን ከፍተው ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ሰባ አምስት ይሆናቸዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሕንጻው ውስጥ ሁሉም ታንት ነው የሚላቸው፣ አክስቴ እንደማለት።

"ቦንዡር ሀቢብቲ" አሉኝ። "አንድ ነገር ልለምንሽ። የማዳምሽን ከዘራ ይዘሽ አትሂጂ።"

አልገባኝም። "የምን ከዘራ?"

"በየቀኑ በአሥር ሰዓት ኮሪደሩን በከዘራ ትሄጃለሽ። እንደምትናፍቂያት አውቃለሁ። ግን እኔ ከታች ስሰማው ደስ አይለኝም።"

"ታንት፣ እኔ አልነካሁትም። አንሶላ ውስጥ ነው ያለው።"

ውሸቴን እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ያጠኑ መሰለኝ።

"ትናንት በአሥር ሰዓት የት ነበርሽ?" አሉኝ።

"ሳሎን ተቀምጬ ኪሮሽ እሠራ ነበር።"

"እና አልሰማሽም?"

"ምንም አልሰማሁም።"

ታንት ነጠላ ጫማቸውን አዩ። "ከመኝታ ቤት ተነስቶ ነው የሚመጣው" አሉ ቀስ ብለው። "ሳሎን ሲደርስ ይቆማል።"

ሳሎን ያለሁት እኔ ነኝ። ያንን አሰብኩና ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ታንትም ያሰቡት እሱኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ነገ በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ሁኚ። ክርሽንም ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

በማግስቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ የሠላሳ አምስተኛውን አበባ ነጭ ዙር እየሠራሁ ነበር። ሦስተኛውን ጥግ አልፌ ወደ አራተኛው ስሄድ ሰዓቱ እንደደረሰ አየሁና ኪሮሹን ክሩ ላይ እንደተሰካ ማዳሜ ወንበር ላይ ትቼው ተነሳሁ። በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ። ሌላ የክር ኳስና ትርፍ ኪሮሽ ይዤ ወደ ታች ወረድኩ።

የታንት ሳሎን ልክ ከእኛ ሳሎን ሥር ነው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቢጫ ክር ሰጥቼ ሰንሰለቱን አሳየኋቸው፤ ጣቶቻቸው በሪህ ተጣምመዋል፣ ቢሆንም ቶሎ ያዙት። ቀለበቱን ሲያጠብቁት፣ "አይነቁት፣ ቦታ ይተዉለት" አልኳቸው። አምስተኛው ሰንሰለት ላይ ነበርን።

ጠቅ።

ከላይ ነበር፣ ከማዳሜ መኝታ ቤት በኩል። ከዚያ ሸርተት። ከዚያ ጠቅ። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማው ተነስቼ ውሃ የምቀዳበት ድምፅ ነው። ኮሪደሩ መሀል፣ ማዳሜ ሁልጊዜ ግድግዳውን ይዘው የሚያርፉበት ቦታ ላይ፣ ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ። ጭንቅላታችን ላይ ደርሶ በረንዳው አጠገብ ቆመ።

ታንት ቀና አላሉም። "ስንት ነበር የሠራሁት?" አሉኝ።

"አምስት" አልኳቸው። "አንድ ይቀራል።"

ስድስተኛውን ሠሩ። ቀለበቱን አገናኙ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየሁ በኋላ ተነሳሁ።

"ወጥቼ ልይ" አልኩ።

"መብራት የለም፣ በደረጃ ነው የምትሄጂው። እኔ አብሬሽ መውጣት አልችልም" አሉ። ግን በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙልኝ።

በሩ እንደቆለፍኩት ነበር። የፎቁ አየር ቀዝቃዛ አልነበረም፣ ልዩ ሽታም የለው፤ ትቼው የሄድኩት ቤት ነው። ቁምሳጥኑ አናት ላይ ከዘራው በአንሶላ እንደተጠቀለለ ተኝቷል። የመኝታ ቤቱ መዝጊያ ተዘግቷል። አንዱ መስኮት በንፋስ ተንኳኩቶ ይሆን ብዬ ሁሉንም ነካካሁ፤ የሚወዛወዝ አልነበረም።

ሳሎን ስገባ አበባው ወንበሩ ላይ ነበር። ኪሮሹ ግን ክሩ ላይ አልነበረም። ከጎኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ነጩ ዙር ከሦስተኛው ጥግ ጀምሮ ተተርትሯል፤ የተተረተረው ክር ኳሱ ላይ ተጠቅልሏል። አንስቼ አየሁት። የቀሩት ሁለት ጥጎች ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሁለቱን ሰንሰለት ረስቼ ነበር ማለት ነው።

እኔ ራሴ ተርትሬው ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። በዚያ ሰሞን የምሠራውን ሁሉ የማስታውስ ሰው አልነበርኩም፤ ጨው ጨምሬ እንደገና እጨምራለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን ኪሮሹን ተሰክቶ እንደተውኩት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ታንት ከታች ጠሩኝ። "ምን አገኘሽ?"

"ምንም" አልኳቸው።

በዚያ ቀን ማዳሜ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጥጉን እንደገና ሠራሁት። ሦስት ጥልፍ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሦስት ጥልፍ። እንባዬ እየመጣ ስለነበረ መቁጠር አቃተኝና ጮክ ብዬ ነበር የምቆጥረው። ስጨርስ ሳላስበው፣ "ኸላስ፣ ተስተካከለ" አልኩ ወደ ወንበሩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ታንት ጋ ወረድኩ። አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን ድሮኑ ስለሚጮህ ልንለየው አንችልም። ታንት ሁለት አበባ ጨረሱ፣ ለሦስተኛው መዝረዓ ሰፈር ድረስ ሄጄ ነጭ ክር ገዛሁላቸው። ድምፁ መቼ እንደቆመ በትክክል አናውቅም። አንድ ቀን ታንት ቅጠል እየሳቡ፣ "ከሰማን ስንት ቀን ሆነን?" አሉኝ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ተኩሱ ጋብ ሲል ልጃቸው መጣች። ፀጉሯ እንደ እናቷ ሸብቷል። ብርድ ልብሱ አልቆ ነበር፤ አልጋ ላይ ዘርግቼ አሳየኋት። የትኛው የእናቷ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። ሠላሳ አምስተኛው ላይ ስደርስ፣ "ይሄ የእኔ ነው" አልኩና ፈጠን ብዬ አለፍኩት።

ታንት ግን ስለ ድምፁ ነገሯት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ "እኔም ልስማው" አለች። ታንት ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን በአሥር ሰዓት አብራን ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች። በመጀመሪያው ቀን የሰማነው የጎዳና መኪና ነው። በሁለተኛው ቀን የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጄኔሬተሩም ጠፋ፣ ሕንጻው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከላይ ምንም አልመጣም።

"እናቴ ስትራመድ መጥቼ እንድሰማ አሥራ አንድ ዓመት ነበረኝ፤ አልመጣሁም" አለች።

ታንት ተነስተው ውሃ አመጡላት። እኔ ቢጫ ክርና ኪሮሽ አነሳሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ልጅ ሳለች ሊያስተምሯት ሞክረው እምቢ እንዳለቻቸው ማዳሜ ነግረውኛል። አሁን ተቀበለችኝ። እስኪመሽ ድረስ ቀለበቱንና ሁለት ሮዝ ቅጠል ሠራች።

ስትሄድ ቤቱን አከራየችው፣ የመኖሪያ ወረቀቴም ወደ አዲሷ አሠሪዬ ወደ ታንት ስም ተዛወረ። ዕቃዬን በአንዲት ሻንጣ ይዤ አንድ ፎቅ ብቻ ወረድኩ። ታንት የሰጡኝ ክፍል ድምፁ ይነሳበት ከነበረው ከማዳሜ መኝታ ቤት ሥር ያለው ነው፤ ሌላ ትርፍ ክፍል አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ቀን ልብሴን እያስተካከልኩ ሰዓቱን ሳየው አሥር ሊሆን አምስት ጉዳይ ነበር። ሁሉንም እንዳለ ትቼ ሳሎን ወጣሁ። ታንት ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ከፍተው፣ አጠገባቸው ቦታ ለቀውልኝ ጠበቁኝ።