ዜልዳ የጠየቀችው ጥያቄ

ዜልዳ ሮትማን የሰው ደስታ ስትጽፍ ነው ያረጀችው። በእኛ የኒው ጀርሲ ከተማ ለአይሁዶች በሚታተመው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ «የደስታ ገጽ» የሚባለውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ማን ወለደ፣ ማን ታጨ፣ ማን አገባ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። እሷ ግን ባሏ ልጅ ሳይተውላት ነው የሞተው። ያላት ይሄ ገጽና ጎረቤቷ ሂንዳ ናቸው። ሁለቱ በየቅዳሜው ተያይዘው ምኩራብ ይሄዳሉ፣ ሰው እያሙ ይመለሳሉ። የሂንዳ ልጅ አሚታይ ደግሞ ዜልዳ እጅ ላይ ነው ያደገው። ከእናቱ ቤት ይልቅ እሷ ቤት ነበር ምሳውን የሚበላው።

አንድ ማክሰኞ ሂንዳ ፎቶግራፍ ይዛ ቢሮ ድረስ መጣች። ፎቶው ላይ አሚታይና ኖዓም የሚባል ጎልማሳ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፣ ሁለቱም ከረባት አስረዋል። ሊጋቡ ነው። ሂንዳ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እንደ ሰው ልጅ ሁሉ አውጪልኝ» አለቻት። «ከማንም አታስበልጪልኝ፣ ከማንም አታሳንሺብኝ።»

ዜልዳ ነገሩን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሰፈሩም ያውቃል፣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ማወቅ ሌላ፣ በጋዜጣ ማውጣት ሌላ! ጋዜጣውን የሚያነቡት ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚጸልዩትም፣ እንደ ዜልዳ ያሉ ሕጉን ነጥብ ሳያጎድሉ የሚጠብቁትም ናቸው። እንዲህ ያለ ሠርግ እዚያ ገጽ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አዘጋጁ ስፔክተር፣ እሱ መቼም ለሕጉ ብዙም ደንታ የለውም፣ ፎቶውን አየት አድርጎ ይውጣ አለና ወደ ሥራው ዞረ። ስለዚህ ነገሩ ዜልዳ ጣት ላይ ወደቀ።

ታዲያ ምን አደረገች? ዕድሜ ልኳን የምታደርገውን። የምኩራባችን መሪ ረቢ ኤልያቂም ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ሕጋችን ወተትና ሥጋ አይቀላቀል ይላል፤ የወተት ማንኪያ ሥጋ ወጥ ውስጥ ቢገባ፣ ዶሮው ክንፉ ተሰብሮ ቢገኝ፣ ዜልዳ ይበላል ወይ ብላ ሳትጠይቅ አታድርም። ይህንንም የጠየቀችው እንደ ሰፈራችን ሴት ሁሉ «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» ብላ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ሥራዋ መጻፍ ነው፣ የሁለት ወንዶች ሠርግ ጻፊ ተባለች፣ ትጻፍ ወይ?

ረቢው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የዜልዳ ባል ሲሞት ሰባቱንም የሐዘን ቀን መሬት አብረዋት ተቀምጠዋል። «ለዚያች ሴት እንዲህ ይበሏት» አሉ። «ልጁን ትውደደው፣ ቤቷ ሲመጣ ታብላው። ይህን ግን በእጇ አትጻፍ።»

የጠየቀ ሰው የተመለሰለትን ይፈጽማል። በእኛ ዘንድ እዚህ ላይ ወለም ዘለም የለም፤ መልሱን የሚፈራ ቀድሞውኑ አይጠይቅም። ዜልዳ ግን ቢሮ ተመልሳ የአሚታይን ፎቶ ስታይ ሆዷ ባባ። ጻፈችው። ጠይቃ ስትጥስ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ለሂንዳ ስትል ኃጢአት ገባች እንግዲህ።

ዓርብ ከሰዓት ጋዜጣው ደረሰ። ገጹን ገለጠችው። አሚታይ የለም! እሱ በነበረበት ቦታ የምንጣፍ አጠባ ማስታወቂያ ተንሰራፍቶበታል። ለስፔክተር ልትደውል ስልኩን ስታነሳ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሆነ፣ የሰንበቱን ሻማ ማብራት አለባት። ከዚያ በኋላ ሰንበት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ኮከብ እስኪወጣ ስልክ አይነካም። ስትገላበጥ አደረች።

ጠዋት ሂንዳ በሯ ላይ አልጠበቀቻትም። ምኩራብ ስትደርስ ከሴቶቹ ወንበር መጨረሻው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሄዳ አጠገቧ ስትቀመጥ ሂንዳ ጸሎት መጽሐፏን ሳትዘጋ በሹክሹክታ ተናገረቻት። ስፔክተር ዓርብ ደውሎላት ኖሯል። የከተማው ጥብቅ ረቢዎች ተሰባስበው፣ ይህ ነገር ከወጣ ሕዝባችን ጋዜጣችሁን ቤቱ አያስገባም ብለውታል። ያሉትም ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሳይገባ ነው።

«ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ ያወቅነው ሦስት ነን» አለች ሂንዳ። «እኔ አልተናገርኩም። ስፔክተር በራሱ ላይ እሳት አያነድም። ማን ቀረ?»

«ለነፍስ ትንፍሽ አላልኩም» አለች ዜልዳ። ስትናገር ከልቧ ነው። ረቢን መጠየቅ መናገር ነው እንዴ? ስም አልጠራች፤ ረቢ ጆሮ የገባ ጥያቄ ደግሞ መቃብር እንደገባ ነው። ለሂንዳ ስትል ጥሳ፣ ጭራሽ ነገር አቀባይ ተባለች! ደሟ ፈላ። ነገሩን ያወጣውን ሰው ካላገኘሁ እኔ ዜልዳ አይደለሁም አለች።

ከሰኞ ጀምሮ በጥርጣሬ ዓይን ያላየችው ሰው የለም። መጀመሪያ የጠረጠረችው የሂንዳን ባል ነው፤ ከልጁ ጋር ተኳርፎ ከተነጋገረ ቆይቷል። ሲያያት መንገድ የተሻገረ መሰላትና ይኸው ብላ በልቧ ያዘችው። ቀጥሎ ስፔክተርን። ማስታወቂያ የሚያመጡለት ባለ ሱቆች አብዛኞቹ ጥብቅ ናቸው፤ ራሱ አስወርቶ ራሱ የተገደደ መስሎ ቢሆንስ? ስልክ ባነሳ ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች። ስፔክተርም አላስቻለውም፣ አንድ ቀን ቡናውን እያማሰለ፣ ከዚህ ቢሮ ረቢ ዘንድ የሚመላለሰው እኔ ነኝ እንዴ ብሎ ጠየቃት። እሱም ይጠረጥራታል ለካ። ወሬው ከተማውን ስላዳረሰ ሰውየው ራሱ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። ግማሹ አንባቢ ልታወጣው ነበር ወይ ብሎ ይሰድበዋል፣ ግማሹ ደግሞ ለምን ፈርተህ አነሳኸው ብሎ።

በመጨረሻ ጥርጣሬዋ ሥጋ ሻጩ ጴሳሕ ላይ ረጋ። ጴሳሕ ማስታወቂያ ሊያመጣ ሲመጣ የሰው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁሉ ሳያነብ አይወጣም። ያን ሳምንትም መጥቶ ነበር። አንገቱን አስግጎ ነበር። ሌላ ማን ሊሆን ነው! ዜልዳ ከእሱ ሥጋ መግዛቱን ትታ ከከተማው ዳር ካለው ሥጋ ቤት ዶሮዋን እየጎተተች መምጣት ጀመረች። ሐሙስ ዕለት ሂንዳ በር ላይ ቆማ ጴሳሕ ነው አለቻት፣ አየሁት ማለት እስኪቀራት። ሂንዳ ጴሳሕን ድሮም አትወደውም። ፊቷ ፈታ አለ። ዓርብ ከጋገረችው የሰንበት ዳቦ አንዱን ላከችላት፣ ቅዳሜም በሯ ላይ ጠበቀቻት። ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። ዜልዳ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ከጸሎቱ በኋላ ሰው ዓሣና ኬክ በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሲተራመስ ረቢ ኤልያቂም ዜልዳን ወደ ዳር ጠጋ አደረጓት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ የሚያውቋት ሴት» አሉ ፈገግ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን ይበሏት። ባትጠይቅ ኖሮ ነገሩ ታትሞ ነበር የምንሰማው። በሰዓቱ ለሌሎቹ ረቢዎች ደወልኩላቸው፤ ስሟን ለማንም አላነሳሁም፣ አላነሳምም።»

ዜልዳ የያዘችውን ኬክ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በዚህ ከተማ ሥራዋ የሰው ሠርግ መጻፍ የሆነ፣ ረቢ የምትጠይቅ ሴት ስንት አለች? አንዲት፣ እሷው። ሂንዳን የሸጠቻት፣ ስንቱን ሰው ስታማ የከረመችው፣ ራሷ!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዝም ማለት ትችል ነበር። ረቢው አይናገሩም። ጴሳሕ ምን እንደተባለ እንኳ አያውቅም። ሂንዳም ታርቃታለች። ከምኩራብ ሲወጡ ሂንዳ ክንዷን ይዛ ስለ ጴሳሕ ሚስት ባርኔጣ እያሾፈች ነበር። ዜልዳ አብራ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። የሂንዳ ቤት ሲደርሱ ቆመችና ሁሉንም ነገረቻት። መጠየቋን፣ እንዳትጽፍ መባሏን፣ መጻፏን፣ አሁን ረቢው ያሏትን።

ሂንዳ ክንዷን ለቀቀች። «አትጻፊ ብለውሽ ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽ?»

ዜልዳ ይሁን እንዲሉኝ ነበር ብትል የሕፃን ወሬ ይሆንባታል።

«አሚታይ ይህን ነገር ከነገረኝ ጀምሮ» አለች ሂንዳ፣ «እኔ ረቢ ጠይቄ አላውቅም። ስለ ልጄ ብቻ አይደለም፣ ስለ ምንም። አንዴ አፌን ከከፈትኩ ሌላው ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ከሰማሁት ደግሞ መፈጸም ሊኖርብኝ ነው፤ ልጄን ላጣው ነው።»

ዜልዳ ያኔ ገባት። ሂንዳ የወተት ማንኪያ ሥጋ ውስጥ ሲገባባት ረቢ ላለመጠየቅ ብላ ሁሉንም አውጥታ ትጥለዋለች። ደኅናውን ሳህን፣ ደኅናውን ድስት ስንት ጊዜ ቆሻሻ ላይ አይታባታለች። አባካኝ ሆንሽ እያለች ስትስቅባት ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። ለማንኪያው ረቢ ዘንድ የምትሮጠው ሴትዮ ለሰው ሲሆን አልጠየቀችም። እንባዋ መጣ፣ ሂንዳ ግን አላባበለቻትም።

«ሠርጉ ነገ ነው» አለች ሂንዳ ቁልፏን እያወጣች። «ጠይቀሽ የምትመጪ ከሆነ ቅሪ።» ገብታ በሩን ዘጋች።

እሑድ ከሰዓት ዜልዳ ለባሏ እህት ሠርግ ያሰፋችውን ሰማያዊ ልብስ ለብሳ ወጣች። ረቢ ኤልያቂም በራፋቸው ላይ ቅጠል ይጠርጉ ነበር። እንዲህ ተውባ ሲያዩዋት መጥረጊያቸውን ተደገፉና፣ «ወዴት ነው ወይዘሮ ዜልዳ?» አሏት።

«ልጅ ልድር ነው፣ ረቢ» አለቻቸው፣ እርምጃዋንም አላቆመችም።