ሱሩርና የገፈርሳ ዝይዎች

ቡራዩ ገበያ ጨርቅ የገዛ ሁሉ ሱሩርን በድምፁ ያውቀዋል። ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ መንገደኛውን በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠራል። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስለ ቤተሰቡ ሁሉ እየጠየቀ፣ ልግዛ ብሎ ያልመጣውን ሰው ጨርቅ አስይዞ ይሸኝ ነበር።

ከዚያ ድምፁ ጎረነነ። ብርድ ነው ብሎ ዝንጅብል በማር እየጠጣ ወራት አሳለፈ። ልጁ ሐምዱ ግድ ብሎ አዲስ አበባ ሲወስደው የጉሮሮ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ድምፅ የሚወጣበትን የጉሮሮውን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ሱሩር ከሆስፒታል ሲወጣ አንገቱ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ ያለ ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ ቤቱ ጠያቂ አላጣም። የሚመጡት ግን ጆሮው የደነቆረ ይመስል እየጮኹ ያናግሩታል። እሱ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ያፍሩና ወደ ሚስቱ ወደ ሰይዳ ዞረው ምን እንዳለ ይጠይቋታል። ቀስ በቀስ ቀሩ። ሱቅ ሄዶ ቢቀመጥም ደንበኛው የሚያየው ሐምዱን ሆነ። የመንገዱ አቧራ ደግሞ በቀዳዳዋ እየገባ ሳል ያጣድፈዋል። ሐኪሙ ከአቧራ ርቆ እርጥብ አየር ያለበት ቦታ እንዲንሸራሸር ስለመከረው፣ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ብቻውን ወደ ገፈርሳ ግድብ መውጣት ጀመረ።

እዚያ ማንም አያናግረውም። ከውሃው ዳር ይቀመጣል። ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ያለባቸው የዱር ዝይዎች ሣር እየነጩ ይመጣሉ፤ እሱ ስለማይንቀሳቀስ እግሩ ሥር ድረስ ይደርሳሉ። ቤት ሲመለስ ለሰይዳ ሊነግራት ይሞክራል። እጁን ያወናጭፍና ይተወዋል።

አንድ ማለዳ አንዲት ዝይ ከዳር ራቅ ብላ ውሃው ላይ ስትንፈራገጥ አየ። ዓሣ አጥማጅ ጥሎት የሄደ የናይለን ክር እግሯንና ክንፏን ጠፍሯታል። ሱሩር ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው የለም። ቢኖርስ በምን ይጠራዋል? ውሃ በአንገቱ ቀዳዳ ከገባ በቀጥታ ወደ ሳንባው እንደሚወርድ ሐኪሙ አስጠንቅቆታል። ቢሆንም ጫማውን አውልቆ ገባ። ጭቃው እግሩን ይስበዋል። ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ ዝይዋ በክንፏ እየመታች ወደ ፊቱ ረጨችው። አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ በአንድ እጁ የአንገት ልብሱን ቀዳዳው ላይ ይዞ፣ በሌላው ክሩን እየጎተተ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ዳር ሲወጡ ከኪሱ በማትለየው የሱቅ መቀስ ክሩን ቆራርጦ ለቀቃት። በረረች።

ሱሩር እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ለቅሶውም ድምፅ አልነበረውም።

የግድቡ ዘበኛ ኦቦ ጉተማ እንደዚያ ሆኖ አገኘው። ወፍ ሊያጠምድ የመጣ መስሎት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ እየደጋገመ በቁጣ ጠየቀው። ሱሩር የአንገት ልብሱን ገልጦ አሳየው፤ ቀጥሎ የቆረጠውን ክር። ኦቦ ጉተማ ጋቢውን አውልቆ ደረበለት።

«ከእንግዲህ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ» አለው ረጋ ብሎ። «ዳር ዳሩን ያለውን ክር ግን ይልቀሙልኝ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ክር የጠፈራቸውን ወፎች የማገኛቸው ከሞቱ በኋላ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሱሩር በየማለዳው ዳርቻውን እየዞረ ክር ይለቅማል። ሳሉ ቀንሶለታል፤ እንቅልፍም ይወስደው ጀምሯል። ኦቦ ጉተማ ከሩቅ «አካም ቡልተኒ» ብሎ እንዴት እንዳደረ ይጠይቀዋል፤ እሱ እጁን ያነሣል። ጭውውታቸው ይኸው ነው።

ባለፈው መስከረም ሰይዳ ተከትላው መጣች። አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ሱቁና ስለ ጎረቤት ስታወራ ቆየች። አንዲት ዝይ ጫጩቶቿን አስከትላ ከሣሩ ውስጥ ስትወጣ ግን ወሬዋን አቋረጠች። ውሃው ላይ እስኪወርዱ ድረስ ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሏቸው።

«ብቻህን መዋሉ አይከብድህም?» አለችው።

ሱሩር አሰበ። ይከብደዋል። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ከደንገሉ መሐል የሚያብረቀርቅ ክር አይቶ ኖሮ፣ ጫጩቶቹን ሳይጠፍር ሊያነሣው ወደዚያው ሄደ። ሰይዳ ምሳ ልትሠራ ወደ ቤት ወረደች።