ወደ መራዊ የሄደው ሕመም

ሕመም እግር የለውም የሚል ካለ የሀዲስን ነገር ይስማ።

ሀዲስ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ከሽመና ማሽን ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲገጥም ሃያ ዓመት ኖሮ ወገቡ ከዳው። ኦፕራሲዮን አደረጉት፤ ብሎን አስገብተው ሥራው ተሳክቷል አሉት። ተሳክቶ ይሆናል፤ ለሕመሙ ግን ይህን የነገረው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ መቀመጥም መቆምም አቃተው። ዓባይ ማዶ ካለው ቤቱ በባጃጅ ሲወጣ እያንዳንዷ ጉድጓድ እስከ ጥርሱ ትሰማው ነበር። ሚስቱ ማህሌት ካልሲውን ስታጠልቅለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያልታመመ ሰው ደግሞ «ቻለው» ይላል፤ ምን ቸገረው!

ታላቅ ወንድሙ ይትባረክ መራዊ ገበሬ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ሀዲስን ያሳደገው እሱ ነው። ጥር ላይ ሊጠይቀው መጣና አልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ ጠበሉ አፍንጫህ ሥር እያለ ራስህን ለቢላ ሰጠህ፣ አንተ መቼ ሰው ትሰማለህ እያለ ይወቅሰው ጀመር። ክፉ አስቦ አይደለም፤ አንጀቱ አሮ ነው። ሀዲስ ግን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነበር ያደረው፤ ደሙ ፈላ። የወንድሙን እጅ አፈፍ አድርጎ ጠባሳው ላይ ለጠፈው።

«የእኔን ያሳይህ» አለው። «እዚችው ላይ ያሳይህ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ! ማህሌት ጓዳ ስለነበረች አልሰማችም። ይትባረክ እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀና ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ተኳርፈው ቀሩ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሀዲስ ሐኪም ባዘዘው መሠረት በሐይቁ ዳር ይራመድ ነበር። ጣናን ጉም ሸፍኖታል፤ ወፍ እንኳ አይጮህም። ድንገት ሕመሙ ቆመ። ቀለለ አይደለም፤ ቆመ። አንድ ሰው ከጀርባው ወርዶ መንገዱን የቀጠለ መሰለውና ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ፣ ፈታ፣ ደግሞ አሰረ። ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ቤቱ ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። የይትባረክ ሚስት ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ወንድምህ አሁን መስኖ ሲያጠጣ ወገቤን አለና ተደፋ፣ ማንም አልነካውም፣ ምንም አላነሣም፣ ቀና ማለት አቃተው አለችው። ሀዲስ ያመመው የቱ ጋ ነው ብሎ ጠየቀ። ቦታውን ስትነግረው እጁ በገዛ ጠባሳው ላይ ነበር።

አራት ወር ዝም አለ። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ ማውጣት ጀመረ፤ ማህሌትም ስለቷን አስገባች። ከመራዊ የሚመጣው ወሬ ግን እየከፋ ሄደ። ሐኪም አይቶ ምንም የለበትም ብሏል፤ ይትባረክ መጀመሪያ በከዘራ፣ ኋላም ያለ ደጋፊ የማይነሣ ሆነ። ሀዲስ ሰው ነውና አልቻለም፤ ሽማግሌ ልኮ እርቅ ለመነ። ርግማኑን በሰው ፊት ሊያነሣ ቆርጧል፤ ካነሣው ሕመሙ ወዴት እንደሚመለስም ያውቃል። መኪና ውስጥ «ርግማኔን አንሥቻለሁ» የምትለዋን ቃል ሲለማመዳት መራዊ ደረሰ።

በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይወድቃል፤ ተበዳይም ይቅር ብሎ በእጁ ያወርድለታል። አስታራቂው ቄስ ሀብተ ሥላሴ የወገቡን ነገር ስለሚያውቁ ጡጫ የምታህል ድንጋይ መርጠው አቆዩለት። ሀዲስ እሷን ትቶ መጅ የሚያህለውን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። አልከበደውም። ሰዉ ተሳቀቀ፤ እሱም ራሱ ፈራ።

ይትባረክን ደግፈው መደብ ላይ አስቀምጠውታል፤ ጎብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ አንድ እጁ ወገቡ ላይ። ሀዲስ ያንን አቀማመጥ ያውቀዋል። ተንበረከከና በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ አለ። ቄሱም እንደ ደንቡ፣ በልብህ የቀረ፣ ያልተነሣ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁት።

ቃሏ አፉ ውስጥ ነበረች። ግን የዚያ ሁሉ ዓመት ስቃይ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«የለም አባቴ» አለ።

ይትባረክ ቀና ብሎ አየው። ያችን ርግማን ከሁለቱ በቀር የሚያውቃት የለም። ከዚያ ላቡ እየተንቆረቆረ ከመደቡ ተነሣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከወንድሙ ማጅራት አወረደው። ሲያወርድ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

«ግድ የለም፤ የአንተ ልጆች ገና ናቸው» አለው።

ሰዉ እልል አለ። ጠላ ቀረበ፤ ወለተ ጊዮርጊስ ሁለቱንም እያገላበጠች ሳመች። ሀዲስ ቀና ብሎ ወንድሙን ማየት አልቻለም። ተሰናብቶ ሲወጣ የባሕር ዳሩ መኪና ከመናኸሪያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል።

ሮጦ ደረሰበት።