ልጄ “ሸክላ ላይ ነው የምሠራው” ያለች ቀን

የዚያን ቀን ቡታጅራ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ ምሕረት፣ “ልጃችሁን ለልጃችን” ብለው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የልጁ አክስትና በመኪና ያመጣቸው ሾፌር ነን። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ ፈሪ ነኝ። የክትፎው ቅቤ እንዳይበዛ፣ ቆጮው እንዳይደርቅ ስል ከጠዋት ጀምሮ ስባክን ነበር። ጉዱ ግን ከምግቡ አልመጣም።

ምሕረት ሳህን ስታቀርብ አክስትየዋ “ሥራሽ ምንድን ነው የኔ ልጅ?” አለቻት።

“ሸክላ ላይ ነው የምሠራው፣ እትዬ።”

ሴትየዋ ያነሳችውን ቆጮ መለሰችው። “ድስት?”

ልጄ ሳቀች። ዩኒቨርሲቲ የምትመራመርበትን ከክብሪት ቀፎ አውጥታ አሳየቻት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጭ ሸክላ ናት።

“ኤሌክትሪክ ታጠራቅማለች፣ ሲፈለግ ባንዴ ትለቃለች። የምንለፋው የበለጠ እንድትይዝ ነው። የምትሠራበት ዱቄት ካልላመ፣ ውስጧ ትንሽ ቀዳዳ ከቀረ፣ ኤሌክትሪኩ ሰንጥቋት ይወጣል።”

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ነገሩ በደንብ አይገባኝም። ስትሰነጠቅባት ግን እንዴት እንደምታለቅስ አውቃለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ልጄን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። “በእርስዎ በኩል ዘራችሁ ከወዴት ነው?”

እኛ አገር ሸክላ ሠሪን መናቅ ዛሬም አልጠፋም። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

“ዘር ሊቆጥሩ ነው የመጡት ወይስ ልጅ ሊጠይቁ?” አልኳቸው።

አክስትየዋ ሳህኑን ገፋ አድርጋ “እኔስ ጠግቤያለሁ” አለች። ገና አልቀመሰችም እኮ!

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሾፌር ተነስቶ የገፋችውን ሳህን ወሰደና ይበላ ጀመር።

“ጋሼ፣ ስንቴ ባንድ ትሪ በላን?” አላቸው ትልቁን ሽማግሌ። “እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እስከ ዛሬ ምን ሆኑ?”

“የመኪናዬን ቁልፍ አምጣ!” ብለው ሽማግሌው ጮሁበት።

ሳህኑን ጨርሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ከዚያች ነጭ ሸክላ አጠገብ አስቀመጠ። ለልጄ “ብዙ ትያዝልሽ፣ እህቴ” ብሏት በእግሩ ወደ ቡኢ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣ።

ከቀሩት እንግዶች መንዳት የሚችል አልነበረም። ባለቤቴ በሩን ከፈተና “ባጃጅ ከታች አለ” አላቸው። በዝናብ ሄዱ። መኪናው ደጃችን አደረ።

ሽማግሌ የላከው ልጅ ደጋግሞ ደወለ፤ ምሕረት አላነሳችለትም። ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔ ግን አክስትየዋን ገበያ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። “ይቅር በይ” ይሉኛል፤ አልቻልኩም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ያ ሰው ነው። እኛ ቤት እንጀራውን አጣ። “ሾፌር” ሲሉት ብቻ ነው የሰማሁት፤ በስሙ የጠራው አልነበረም። ረጅም ጎልማሳ ነው፣ ጥርሰ ፍንጭት። የምታውቁት ካላችሁ፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ ንገሩኝ።