በወፍጮው ጭስ ማውጫ የተወተፈው ሻሽ

የእናቴን ሳጥን ስከፍት አሮጌው ሻሿ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። ወዲያው በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ወፍጮ ቤት ተመለስሁ።

ሞተሩ ተፈትቶ ሰንብቶ የተገጠመ ለት ነው። ቡሄ ደርሷል፤ ካልተፈጨ ለእኛ ለልጆች ሙልሙል የለም። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ግቢውን ሞልተውታል። ጎረምሶቹ መዘውሩን ቢያዞሩ፣ ቢያዞሩ፣ ሞተሩ እምቢ አለ። መካኒኩ ጋሽ ደምሴ የናፍጣውን ቧንቧ ላላ አደረጉት፤ ናፍጣው ፊን ብሎ ወጣ።

«ናፍጣስ አለ። ጭሱ የት ሄደ?» ብለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትሁት! ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ጭስ ማውጫውን በሻሼ ወትፌዋለሁ!»

ጋሽ ደምሴ ሳቁ። «እሜቴ፣ ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ካላስወጣ አያስገባም።»

ሻሹ ተመዝዞ መዘውሩ ሲዞር ሞተሩ ዱግ! ዱግ! ዱግ! አለ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። እናቴ ጥላሸት የጠጣውን ሻሿን ጠምጥማ እስክስታዋን አወረደችው። እኔም የጋሽ ደምሴ ነገር ሳይገባኝ አብሬያት ዘለልሁ።

ከእናቴ ቀብር ወዲህ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። አሁን ከሳጥኑ ያወጣሁትን ሻሹን አፍንጫዬ ላይ ጫንሁት፤ መጀመሪያ ሳቄ፣ ከዚያ እንባዬ ፈነዳ።