መንገደኛ የሚባለው አንባቢ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ነፃ ብሎግ ከፍቼላት ስለ ሙያዋ ትጽፋለች። ባሏ እዚያው በምትሰፋበት ክፍል ካውያውን እየገፋ «ሥራ ፈት!» ይላታል።

ከጽሑፎቿ ሥር «በርቺ» የሚላት «መንገደኛ» የተባለ አንባቢ ብቻ ነው። ነገሩ አላማራትም። «ወይ ሙያዬን ሊሰርቅ ነው፣ ወይ ሊያሾፍብኝ!» ብላ ደንበኞቿን ሁሉ ጠረጠረች፤ አንዷንማ ሰላምታ ነፈገቻት።

ትናንት ስለ ኪስ አሰፋፍ ጻፈች። መንገደኛም «ጎበዝ! የሰማያዊው ኮት ግራ እጅጌ ግን አጥሯል» አላት።

ኮቱ ገና ከክፍሉ አልወጣም። ቀና ስትል ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ኮቱን ይተኩሳል።

የዛሬው ጽሑፏ ግን ስለ ልብስ አይደለም፤ ርዕሱ «ሃያ ዓመት ሙሉ ለባሌ ያልነገርኩት» ይላል። እስካሁን «በርቺ» ያላት የለም።