ለአስፋልትም ለፒስታም

ሃይለኣብ ልጁን የሚያውቃት በእግሯ ነበር። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ረሆቦት አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ስትተኛ ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ትከናነብና እግሯን ውጭ ትተወዋለች። አባቷ ጎህ ሳይቀድ ከየካ አባዶ ሲወጣ እግሯን ያያል፣ ማታ ደክሞት ሲገባም እግሯን ያያል። ፊቷን የሚያየው እሑድ እሑድ ነው፤ እሱም ሥራ ካልገባ። አንድ ቀን ሚስቱ ሰምሃር "ልጅህ እኮ 'ረ' ማለት ጀመረች" ብትለው፣ ቀድሞ እንደማትችል እንኳ አያውቅም ነበር።

ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሃይለኣብ የሚሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ውስጥ ነው፤ የጭነት ተቆጣጣሪ ነው። አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ዕቃ በወጉ መታሰሩን፣ መረቡ መጥበቁን እሱ ሳያይ አይሄድም። ሥራው ሲያልቅ ግን እሱን ራሱን የሚጭነው የለም። ከቦሌ መገናኛ አንድ ሰልፍ፣ ከመገናኛ አያት ሌላ ሰልፍ፣ ከአያት ወዲያ ደግሞ ሰልፍ የማያውቅ ግፊያ። ከሰዓት በኋላ የጫነው ጽጌረዳ ዱባይ ገብቶ ሲራገፍ፣ የጫነው ሰውዬ ገና አያት ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል።

ስለዚህ ሞተር ገዛ። አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ያወጣት፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የምትሆን፣ እግረ ረጅም ሞተር ናት። አፋርን ረግጣለች፣ ቦረናን አቋርጣለች፣ ጭቃ ውስጥ ስታድር ከርማለች ይላል የሸጠለት ሰው። ለሞተሯ ፈቃድ ለማውጣት የተመላለሰው ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እሱን እንለፈው። ሰምሃር ግን ፈርታ ነበር።

"ሞተር እየነዳ ያረጀ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"ልጄን ዓይኗ ተገልጦ ማየት እፈልጋለሁ" አላት።

በዚህ ተረታች። ማናችንስ አንረታም?

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። ረሆቦት ደረጃው ላይ ትጠብቀዋለች፤ ትከሻው ላይ አውጥቷት አራተኛ ፎቅ ድረስ እየሳቁ ይወጣሉ። አብረው ይበላሉ፣ ወረቀት ላይ ይሞነጫጭራሉ፣ የአልጋውን ትራስ ሁሉ መሬት አውርደው ይዘሉበታል። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ እንደሚል ያወቀው በዚያ ሳምንት ነው። ሥራ ቦታም ለሰው ሁሉ ተናገረ።

በሁለተኛው ሳምንት የሞተሯ ሰንሰለት መንቋቋት ጀመረ።

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ሰንሰለቱን አጠበቀለት፤ እንዲያውም አብዝቶ አጠበቀው። ሃይለኣብ ማታ በስልኩ ቪዲዮ ከፍቶ ሲያይ፣ ሰንሰለት በጣት ሲገፉት ትንሽ መላላት እንዳለበት፣ ካልሆነ ከነጥርሱ እንደሚበላ ተማረ። በማግስቱ ራሱ ፈትቶ አስተካከለውና "ከዛሬ ወዲያ ይቺን ሞተር ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም" ብሎ ማለ። ሰምሃር "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው" ብላ ነበር። ማን ሰምቷት!

እውነቱን ለመናገር በእጁ አይታማም። ዘይት መቀየሩን፣ ካንዴላ ማጽዳቱን፣ የአየር ማጣሪያ ማጠቡን አንድ በአንድ ለመደው። ከደረጃው ሥር ያለችውን ባዶ ቦታ ያዘ። የሰምሃር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የተቃጠለ ዘይት መቀበያ ሆነ። የረሆቦት ሮዝ የጥርስ ብሩሽ፣ አሮጌው ነው ይላል እሱ፣ የሰንሰለት ማጽጃ ሆነ። ቤቱ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸት ጀመር። መሠራት ያለበትን ሠርቶ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ነገር ግን እጅ አንዴ መፍታትና መግጠም ከለመደ ያልተበላሸውንም መፍታት ያምረዋል። ሃይለኣብም ሞተሯን መጠገን ሲጨርስ ማሻሻል ጀመረ።

ይህ ሁሉ ታዲያ ስለ ልጅቷ ነው። የፍሬን ሸራ ለወጠ፤ አባት ነዋ! መሪው ላይ የእጅ መከላከያ ገጠመ፤ ብርድ መትቶት ቢተኛ ማን ያሳድጋታል? አሞርዛተሩን አውርዶ በታተነው፤ አንድ ቀን ከኋላ ሲያፈናጥጣት ጉድጓዱ ወገቧን እንዳይመታት ነው። ከዚያ የነዳጅ ሰልፍ የሚበላበት ጊዜ አንገበገበውና፣ ቶሎ ቤት ልግባ ብሎ፣ ከአሮጌ ሞተር ላይ የወረደ ትልቅ ታንክ ገዛ። ታንኩ አልገጥም አለ። ማሰሪያውን ቆርጦ፣ አስበይዶ፣ ሞርዶ፣ እንደገና ቆርጦ እስኪያስገባው ድረስ፣ የነዳጅ ሰልፍ በዓመት የማይበላበትን ጊዜ በአንድ ክረምት ጨረሰው። ፓውዛ መብራት ተከተለ። ከፓውዛው ቀጥሎ ከኋላ ፖርቶ መጋላ ተበየደ፤ ምን ሊጫንበት እንደሆነ እሱም አልተናገረ፣ የጠየቀውም የለም።

በሞተረኞች የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ በለጠፈ ቁጥር አውራ ጣት ይዘንብለታል። አንዱ "ብሮ፣ አንተ የቤተሰብ ሰው ነህ፣ ሪስፔክት!" ብሎ ጻፈለት። ለሰምሃር አሳያት። ሰምሃር አነበበችውና ስልኩን መለሰችለት።

የማታ ማታ ጓደኛው ጋሽ ነገራ ናቸው፣ የግቢው ጥበቃ። ይህ የኮንዶሚኒየም ብሎክ የቆመው የአባታቸው ባቄላ ማሳ ላይ ነው። ዱሮ ማሳውን በነፃ ይጠብቁ ነበር፣ ዛሬ በደመወዝ ይጠብቁታል፤ እሳቸው ሲቀልዱ "እድገት ነው" ይላሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ሃይለኣብ ሲፈታ ሲገጥም ያያሉ።

"ማሎ፣ እባክህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም ጋሽ ነገራ፣ ላሻሽላት ነው።"

"በሬ ቢሆን እኮ እስካሁን አርደን በልተነው ነበር።"

ሃይለኣብ ይስቃል፤ እጁ ግን ከብሎኑ ላይ አይነሳም።

አንድ ማታ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ሲገባ ሰምሃር ራቱን አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ኣንታ ሃይለኣብ፣ በታክሲ ስትመላለስ ስንት ሰዓት ነበር የምትገባው?"

"ሦስት ሰዓት።"

"አሁንስ?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ።"

"መምጣትህን አልጠየቅኩህም። ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?"

ሃይለኣብ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሦስት ሰዓት ሆኗል። ረሆቦት ተኝታለች።

"ቢሆንም አሁን ቅርብ ነኝ" አላት።

"አዎ፣ አራት ፎቅ" አለች ሰምሃር።

ያን ማታ አሞርዛተሩን ብቻ ልጨርስና በቃ ብሎ ቃል ገባላት። ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር። አሞርዛተሩ ሲያልቅ ግን ታንኩ መጣ፣ ታንኩ ሲያልቅ ፓውዛው መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ ላይ መፍቻ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ሆኖም ሃይለኣብ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጁንም አይጠላም። እንዲያውም ስሟን በነጭ ቀለም ታንኩ ላይ ጽፏል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ብሎን ሲላላ ይጠበቃል፣ ዘይት ሲጎድል ይሞላል። ልጅ ስታለቅስ ምኗ እንደላላ በምን ይታወቃል? በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አንድ ማታ ረሆቦት ያለምክንያት አልቅሳ፣ እሱ ቢያባብላት እምቢ ብላ እጇን ለእናቷ ዘረጋች። ሰንሰለቱ መንቋቋት የጀመረው በማግስቱ ነው። ሁለቱን ነገር አገናኝቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያገናኘሁት።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ የሞተሯ ሥራ አለቀ። ከሥራ መጥቶ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና የሚፈታ ፈለገ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሁሉም ጠብቀዋል። ፍሬኑን ያዘ፤ ይዟል። አስነስቶ ጆሮውን ሰጣት፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቀስ ብላ ትሠራለች። ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፣ ለጋሽ ነገራ "ጨረስኩ" አላቸውና ገና ሳይመሽ ደረጃውን ወጣ።

ሰምሃር በሩን ከፍታ ስታየው ደረቷን ያዘች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ከመቀሌ፣ ከቤተሰብ ተደወለልህ? ንገረኝ፣ እችለዋለሁ።"

"ኧረ ማንም አልደወለ! ሞተሯን ጨርሼ ነው።"

ሰምሃር ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች፤ ከዚያ እስኪያማት ሳቀች።

ረሆቦት ምንጣፉ ላይ በጠርሙስ ክዳን ቤት ትሠራለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችውና ትንሽ ራቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፣ ለእንግዳ እንደሚለቀቀው።

"አባዬ፣ ጥቁሩ እጅህስ?"

"ታጠብኩት።"

"ለምን?"

ጎኗ ያለችውን የፕላስቲክ መኪና አነሳ፤ አንዱ ጎማ ይወላገዳል። "ላጥብቅልሽ?" አላት።

"አይ፣ እሷ እንደዚህ ነው የምትሄደው" ብላ ከእጁ ወሰደችበት።

ራት በሉ። አጎረሳት፣ ጎረሰችለት። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሃይለኣብ ተነሳና "ዛሬ እኔ ነኝ የማስተኛት" አለ፣ ድምፁ ላይ ኩራት ነበረበት። ሞተር የገዛው ለዚህች ሰዓት አልነበር! አቅፎ ወሰዳት፣ አስተኛት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላት። ረሆቦት ተነስታ ቁጭ አለች።

"ቻው አላልኩም።"

"ለማን?"

"ለአባዬ።"

"እኔ እኮ ነኝ አባዬ።"

"አንተን አይደለም፣ ለታቹ አባዬ።"

ሃይለኣብ ያልሰማ መስሎ ጸጉሯን ሊዳብሳት ሞከረ። ማልቀስ ጀመረች። "እዚሁ ነኝ እኮ፣ ይኸው" ቢላት ለቅሶዋ ባሰ። ሰምሃር በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ሁልጊዜ ሳትተኛ በፊት በረንዳ አወጣታለሁ" አለች። "'ቻው አባዬ' ትልሃለች፣ አንተም መፍቻህን ታነሳላታለህ። ከዚያ ትተኛለች። ክረምቱን ሁሉ እንደዚህ ነው ያስተኛኋት።"

ሃይለኣብ ትዝ አለው። ከፎቆቹ ሁሉ ድምፅ ይመጣል፣ ልጅ ይጣራል፣ እናት ትጮኻለች። እሱም አንዳንዴ የሚጠሩት ሲመስለው ቀና ሳይል እጁን ያነሳል። ለማን እንደሚያነሳ አንድም ቀን አላየም። ከልጁ እኩል ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"ውረድላት በቃ" አለችው ሰምሃር። ቁጣ አልነበረባትም።

ደረጃውን ሲወርድ እንዲያ አፍሮ አያውቅም። ሞተሯ አጠገብ ቆመና ሽቅብ ተመለከተ። አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ብረት መሐል፣ ትንሽ ፊት።

"ቻው አባዬ!"

ሁለት እጁን አነሳላት።

"እንደሱ አይደለም!"

የዕቃ ሳጥኑን ከፍቶ እጁ የገባውን መፍቻ አወጣና ከፍ አደረገው።

"ቁጭ በል!"

ሞተሯ ሥር ቁጭ አለ። አንገቱን አቀረቀረ፣ መፍቻውን አነሳ።

"ቻው አባዬ! ደህና እደር!" ድምጿ ሳቅ ሳቅ አለው። የበረንዳው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ጋሽ ነገራ ባትሪያቸውን እያበሩ መጡ። ሞተሯን ዙሪያዋን አዩአት፣ ከዚያ መፍቻውን።

"ጨረስኩ አላልከኝም እንዴ? ደሞ ምኗ ተበላሸ?"

"እሷ ምንም አልሆነችም፣ ጋሽ ነገራ" አለ ሃይለኣብ ቁጭ ካለበት ሳይነሳ። "ልጄን እያስተኛሁ ነው።"